አክስቴ፣ ካራቫኑና የወይኑ አገር



ባለፈው ሰሞን መምህራችን «በሆፌሽ ምን ለማድረግ አስባችኋል?» ብላ በየተራ ስትጠይቀን ግማሹ «ሥራ»፣ ግማሹ «እንቅልፍ» ብሎ መለሰ። እኔ ተራዬ ሲደርስ «ቲዩል» አልኩ። «የት?» አለች። «ዚክሮን ያዕቆብ፣ ወይን ወደሚበቅልበት።» «በምን?» «በካራቫን።» ይህን ጊዜ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። መምህራችን ምን እንዳሳቀን አልገባትም። እናንተ ግን ይገባችኋል። እኛ ዘንድ ካራቫን ሲባል የሚታወሰን ሽርሽር አይደለም፤ ከእኛ በፊት የመጡት ዘመዶቻችን የኖሩበት ያ የቆርቆሮ ሣጥን ነው።

ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ስለዚሁ ጉዞ ነው። ገና አልሄድንም። ነገር ግን ከመሄዳችን በፊት፣ በዝግጅቱ ላይ ብቻ፣ ብዙ ነገር ስለተማርኩ ላካፍላችሁ ብዬ ነው።

ሐሳቡን ያመጣው የአክስቴ ልጅ ነው። እዚህ ተወልዶ ያደገ፣ ውትድርናውን ጨርሶ ሥራ የያዘ ጎረምሳ ነው። አንድ ቀን ሊጠይቀን ወደ ሜርካዝ ክሊታው መጥቶ «እናንተ ከጎንደር ከመጣችሁ ሦስተኛ ዓመታችሁን ይዛችኋል፤ መንገዳችሁ ግን ከዚህ ወደ ሱፐር፣ ከሱፐር ወደዚህ ነው። አገሩን መቼ ልታዩት ነው?» አለን። ከዚያም ሐሳቡን ዘረገፈው። አውቶ ካራቫን የሚሉት አለ፤ መኝታው፣ ወጥ ቤቱ፣ ሽንት ቤቱ ሁሉ ውስጡ ያለ መኪና ነው። እሱን ተከራይተን ሦስት ቀንና ሁለት ሌሊት ዞር ዞር እንድንል ነው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሦስቱ ልጆቻችን፣ እሱና ሚስቱ፣ ደግሞም እናቱ፣ ማለትም አክስቴ። በድምሩ ስምንት ሰው።

«አክስቴ እሺ ይላሉ?» አልኩት።

«ኢማን ለእኔ ተውልኝ» አለ። ለእሱ መተዉ ስሕተት ነበር።

አክስቴ የሚኖሩት እዚሁ ክርያት አታ፣ ከሜርካዙ በእግር አሥር ደቂቃ በማይሞላ ቦታ ነው። ቅዳሜ ማታ ሰንበት ከወጣ በኋላ ቡና አፍልተው ጠሩን። ልጃቸው ሁለተኛው ስኒ ላይ ነገሩን አነሣው። አክስቴ ስኒውን አስቀመጡና እኔን አዩኝ።

«ካራቫን? ገንዘብ ከፍላችሁ? ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉታል ይኸን ነው! እኔ ከካራቫን ለመውጣት ስንት አልቅሻለሁ፤ እናንተ ደግሞ ተከራይታችሁ ልትመልሱኝ ነው?»

ልጃቸው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ጨዋታውም በዚያው ቀዘቀዘ።

አክስቴ የመጡት በሚብጻ ሽሎሞ ነው። እንደምታውቁት በሜይ 24 እና 25 ቀን 1991 ዓ.ም.፣ አንድ ቀን ተኩል በሚያህል ጊዜ ውስጥ፣ 14,325 ሰው ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ገብቷል። ያን ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ የሚያስገባ ቤት ስላልነበረ ብዙዎቹ መጀመሪያ ሆቴል ገቡ፤ በኋላም በየቦታው ወደተሠሩት የካራቫን ሠፈሮች ተዛወሩ። የአክስቴ ዕጣ አኮ አጠገብ ያለው ሐጽሮት ያሳፍ ሆነ። እሳቸው ሲናገሩ ክረምት ላይ ዝናቡ ጣሪያውን እንደ ከበሮ ይመታው ነበር፤ በጋ ላይ ደግሞ ግድግዳው እንደ ምጣድ ይግላል። «ልጅ ታቅፌ ጥላ ፍለጋ ካራቫኑን በውጭ በኩል እዞረው ነበር» ይላሉ። ያ የታቀፉት ልጅ የዛሬው ጎረምሳ ታላቅ ወንድም ነው።

እኔም ከዚያ ቀን በኋላ ሐሳቡን ትቼው ነበር። ባለቤቴ ግን «ሰው ‹አልሄድም› ሲል አንዳንዴ ‹አስረዱኝ› ማለቱ ነው። አንተ ምኑንም ሳታውቅ ነው የጠየቅሃቸው። መጀመሪያ አጥና፣ ጻፍ፣ ከዚያ ንገራቸው» አለችኝ። ደብተር ይዤ ተነሣሁ። ያጠናሁትን በአጭሩ እነሆ፤ ምናልባት ከእናንተም የሚያስብ ካለ ይጠቅመው ይሆናል።

አንደኛ፣ መኪናውን የሚነዳው ሰው። ተራው የመኪና ሪሻዮን፣ ማለትም ደረጃ ቢ፣ እስከ 3,500 ኪሎ ድረስ ነው። ለኪራይ ከሚቀርቡት አውቶ ካራቫኖች ብዙዎቹ በዚህ ክብደት ውስጥ ናቸው፤ ቢሆንም መጠየቅ አለበት። አከራዮቹ የነጂውን ዕድሜና መንጃ ፈቃዱን ከያዘ ስንት ዓመት እንደሆነው ይጠይቃሉ። ስለ ቢቱዋሕም፣ ማስያዣ ስለሚሆነው ፒቃዶንም አስቀድሞ ማወቅ ይሻላል። ፒቃዶኑ በካርቲስ አሽራይ ላይ የሚያዝ ገንዘብ ስለሆነ ከኪራዩ ሌላ ነው።

ሁለተኛ፣ የሰው ቁጥር። እዚህ ላይ ተሳስቼ ነበር። በማስታወቂያው ላይ «ስድስት መኝታ» የሚለውን አይቼ፣ ልጆቹን አጠጋግተን ስምንታችንም እንገባለን ብዬ አሰብኩ። ስልክ ስደውል ሰውየው «መኝታውን ተወው፤ ቀበቶ ያለው መቀመጫ ስንት እንደሆነ ነው የምትቆጥረው» አለኝ። መቀመጫው አምስት ብቻ ነበር። መኪናው ሲሄድ አልጋ ላይ ተኝቶ መጓዝ አይፈቀድም። ስለዚህ አምስት ሰው በካራቫኑ፣ የቀረነው ሦስታችን የአክስቴ ልጅ ሚስት በምትነዳት ትንሿ መኪና እንድንሄድ፣ ማታ ደግሞ እኔና ትልቁ ልጄ በድንኳን እንድናድር ተስማማን።

ሦስተኛ፣ ውኃው። መኪናው የንጹሕ ውኃ ጋን አለው፤ የታጠበበት ውኃ የሚገባበት ሌላ ጋን አለው፤ የሽንት ቤቱ ደግሞ ለብቻው ነው። የቆሸሸውን በተፈቀደ ቦታ ብቻ ነው የሚያፈስሱት፤ ዛፍ ሥር አይደለም። ስምንት ሰው እንደ ቤቱ ገላውን ልታጠብ ቢል ንጹሑ ውኃ ወዲያው ያልቃል። እኛ ከጎንደር የመጣን ሰዎች አንድ ጀሪካን ለስንት እንደሚበቃ እናውቅበታለንና በዚህ አልሰጋሁም።

አራተኛ፣ ማደሪያው። እንደ ልብ በየጫካው ማደር የለም። በተፈጥሮ ጥብቅ ቦታዎችና በብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ ማደር የሚቻለው ለዚህ በተለየው ሔንዮን ላይላ ብቻ ነው። እኛ ያሰብነው ከዚክሮን ወደ ባሕሩ ወረድ ሲሉ ያለውን የዶር ሃቦኒም ዳርቻ ነው። ቦታ አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። መኪናውም ሆነ ድንኳኑ ማማድ የለውምና የቅርቡ መጠለያ የት እንደሆነ ስንደርስ እንጠይቃለን። በ2024 መኸር ሲሪኑ እዚህ ክርያት አታ ስንት ጊዜ እንዳስሮጠን አልረሳነውም።

አምስተኛ፣ እሳት። የቡናው ነገር እንዳለ ሆኖ፣ ከሰል የሚቀጣጠለው በተፈቀደበት ቦታ ብቻ ነው። በዲሴምበር 2010 በካርሜል ተራራ ላይ በተነሣው ቃጠሎ 44 ሰው ሞቷል። ስለዚህ ቡናው በጋዝ ይፈላል፤ ዕጣኑም ይቅር።

ስድስተኛ፣ ካሽሩት። የተከራዩት መኪና ወጥ ቤት ውስጥ ማን ምን እንዳበሰለ አይታወቅም። ድስቱም፣ ድስቱ የሚቀመጥበትም ጥያቄ አለው። የራሳችንን ድስት፣ ሳህንና ማንኪያ ይዘን እንሄዳለን። እንጀራውን ባለቤቴ ዋዜማውን ትጋግራለች። ቀኑንም ከእሑድ እስከ ማክሰኞ አደረግነው፤ ሰንበትን እቤታችን አክብረን እንወጣለን።

መንገዱ ደግሞ እንዴት ቀላል መሰላችሁ! በክርያት አታ አጠገብ የሚያልፈው 70 ቁጥር መንገድ ነው። እሱን ይዞ ወደ ደቡብ፣ በዮክነዓም፣ በኤልያኪም፣ በባት ሽሎሞ በኩል ዚክሮን ያዕቆብ በር ላይ ያደርሳል። ወደ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በኦገስት መጨረሻ የምንሄድበትም ምክንያት አለው። ልጆቹ ገና ሆፌሽ ላይ ናቸው፤ የወይን ለቀማውም፣ ባጺር የሚሉት፣ የሚካሄድበት ጊዜ ነው። ብዙ ቦታ ለቀማው በሌሊት ነው፤ ፍሬው ሳይሞቅ እንዲደርስ ተብሎ። ልጆቼ ጨለማ ውስጥ መብራት አብርቶ በወይኑ መካከል የሚሄደውን መኪና ለማየት ከአሁኑ ተስለዋል።

ስለ ዚክሮንም አነበብኩ። በ1882 ከሮማኒያ በመጡ አይሁዶች የተቆረቆረች ናት። መሬቱ ድንጋይ፣ አየሩ ወባ ነበር፤ እርሻውም አልያዘላቸውም። በኋላ ባሮን ኤድሞንድ ዴ ሮትሽልድ ደረሱላቸው፤ ከተማዋም በአባታቸው በያዕቆብ ስም ተጠራች። ወይን እንዲተከልና የወይን ጠጅ ፋብሪካ እንዲቆም ያደረጉት እሳቸው ናቸው። ነገር ግን በ1890ዎቹ ፊሎክሴራ የሚባል ጥቃቅን ተባይ ሥሩን እየበላ ወይኑን ፈጀው። ተባዩን የሚቋቋም የአሜሪካ ወይን ሥር አስመጥተው፣ በዚያ ላይ አዳቅለው እንደገና ከሀ ጀመሩ። ባሮኑና ባለቤታቸው ያረፉት እዚያው አጠገብ፣ ራማት ሃናዲቭ በሚባለው የአትክልት ቦታ ነው፤ አጽማቸው ከፈረንሳይ የመጣው በ1954 ነው። እነዚያ የሮማኒያ ሰዎች፣ ልብ በሉ፣ በጊዜያቸው እንደ እኛ ኦሊም ሐዳሺም ነበሩ።

ይህን ሁሉ ጽፌ ደብተሬን ይዤ አክስቴ ዘንድ ተመለስኩ። በዚህ ጊዜ ልጃቸውን አላስቀደምኩም። አንድ በአንድ አነበብኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ስለ ወይን ጠጅ ፋብሪካው ጉብኝት ስደርስ እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ ልጄ። እዚያ ገብቼ በርሜሉን ብነካ ማን ምን ይለኛል?»

ምን ለማለት እንደፈለጉ ወዲያው ገባኝ። በእኛ አገር ሰንበት የሚባረከው በዳቦ ነበር፤ በወይን ጠጅ ኪዱሽ ማድረግን የተማርነው እዚህ ነው። የተማርነውም ከነሕጉ ነው። አይሁዳዊ ያልሆነ ሰው የነካው ወይን ጠጅ አይጠጣም ይላል። በ2018 አንድ የወይን ጠጅ ፋብሪካ፣ የካሽሩት ሰዎች ጠይቀውኛል ብሎ፣ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቹን ወይኑን ከሚነኩበት ሥራ አንሥቶ ነበር። ነገሩ በዜና ሲወጣ አገሩ ተቆጣ። የሴፋራዲም ዋና ራቢ ይጽሐቅ ዮሴፍ ሳይቀሩ በአደባባይ አወገዙት። የእሳቸው አባት ራቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ ናቸው በ1973 ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው ብለው የፈረዱት። አክስቴ ሁለቱንም ያውቃሉ። ፍርዱንም ያውቃሉ፣ ፋብሪካውንም ያውቃሉ።

ገና ግዩር ላይ ላለነውማ ይህ ነገር እንዴት እንደሚያም መናገር አያስፈልገኝም። ስለዚህ እኔ አስቀድሜ የይሁዲነት ትምህርት መምህራችንን ጠይቄ ነበር። ሳያፍር፣ ሳያድበሰብስ አስረዳኝ። አንደኛ፣ ጎብኚ ማንም ይሁን ማን በርሜሉን አይነካም፤ ቅምሻው ተቀድቶ ነው የሚሰጠው። ሁለተኛ፣ ጠርሙሱ ላይ «መቩሻል» የሚል ካለበት ሲሠራ የተሞቀ ወይን ጠጅ ነው፤ እሱን ማንም ቢቀዳው ካሽሩቱ አይጠፋም። ሦስተኛውን ራሱ ጨመረልኝ፤ «ሕጉን ማወቅ ሌላ ነው፤ በሕጉ ስም ሰውን ማዋረድ ሌላ ነው። ሁለተኛውን ሲያደርግብህ የምታየው ሰው ቢኖር ሕጉን አትጥላ፤ ሰውየውን ግን ዝም አትበለው።»

ይህን ለአክስቴ ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡ። «በርሜሉን መንካት መች አማረኝ» አሉ። «ወይኑን እንጨቱ ላይ እንዳለ ማየት ነው የምፈልገው። ስንት ዓመት ዓርብ ማታ ስጠጣው፣ ቅጠሉ ጌሾ ይመስል ሐረግ ይመስል አላውቅም። ቅጠሉን የሚከለክለኝ የለም።»

ልቤ ሞቅ አለ። ቀጥዬ የሦስተኛውን ቀን አነበብኩ። ስንመለስ በባሕሩ በኩል፣ ወደ ሃይፋ ሳንደርስ፣ አትሊት አለ። ከ1939 እስከ 1948 እንግሊዞች ያለ ፈቃድ በመርከብ የመጡትን አይሁዶች ያስሩበት የነበረ ካምፕ ነው። የእንጨት ቤቶቹ፣ ሽቦው፣ ልብሳቸውን አውልቀው መድኃኒት ይነፉባቸው የነበረበት ቦታ ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። በኦክቶበር 1945 የፓልማሕ ወታደሮች ሌሊት ገብተው ከሁለት መቶ የሚበልጡ ሰዎችን አስመለጡ።

አክስቴ አቋረጡኝ። «እነዚያ ሰዎች መቼ እንደሚወጡ ተነግሯቸው ነበር?»

«አይመስለኝም» አልኩ። «አንዳንዱ ቶሎ ወጣ፤ አንዳንዱ ወራት ቆየ።»

«እኛስ ቁልፉን መቼ ነው የምናስረክበው?»

«ማክሰኞ ከቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት።»

ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ እንዲህ አሉ፤ ቃላቸውን እንዳለ ነው የጻፍኩት፦

«እይ ልጄ። እኔን ያቃጠለኝ የካራቫኑ ቆርቆሮ አይደለም። ጎጆ ውስጥ ነው የተወለድኩት፤ ጠባብ ቤት አያስፈራኝም። ያቃጠለኝ መቼ እንደምወጣ አለማወቄ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ ‹ካደይሽ ወር› ይሉኛል፣ ‹ከበዓሉ በኋላ› ይሉኛል። መጋረጃ ለመግዛት እንኳ እፈራ ነበር፤ ከገዛሁ የምቀር ይመስለኝ ነበር። ቀኑን ቢነግሩኝ ኖሮ ሦስት ዓመቱን ሁሉ እችለው ነበር። የእናንተ ካራቫን ቀን አለው። ቀን ያለው ነገር አያስፈራም። እሄዳለሁ።»

ከዚያም ፈገግ ብለው «ግን ቁልፉን የምይዘው እኔ ነኝ» አሉ።

ወገኖቼ፣ ያን ማታ ወደ ሜርካዙ ስመለስ ነገሩ አብሮኝ መጣ። ጎንደር ላይ ስንጠብቅ የኖርነውን ዓመታት አሰብኩ። ያኔም ቀን አልነበረንም። ዛሬም ብዙዎቻችን ከዚህ መቼ እንደምንወጣ፣ ቋሚ ቤት የት እንደምናገኝ እርግጠኛ አይደለንም። እኔም እንደ አክስቴ መጋረጃ ሳልሰቅል ነው የኖርኩት። ባለቤቴ ስትጠይቀኝ «ለጊዜው ነው» እላታለሁ። ለጊዜው እያልን ትንሹ ልጃችን እዚህ መራመድ ጀመረ፤ እዚህ መሮጥ ጀመረ።

አክስቴን «ታዲያ እንዴት ወጡ?» ብዬ ጠይቄአቸው ነበር። «ቀኑን የሚሰጠኝ ሳጣ እኔ ሰጠሁት» አሉኝ። በወር የሚያስቀምጡትን ገንዘብ በደብተር መጻፍ ጀመሩ። ስለ ማሽካንታው በየሳምንቱ እየሄዱ ጠየቁ። ጸሐፊዋ ስታያቸው ስማቸውን እስክታውቅ ድረስ። ያሉት ቀን ላይ አልደረሱም፤ ጥቂት ወራት አለፈ። ግን ወጡ። ዛሬ ቡና የሚያፈሉበት ቤት ያ ቤት ነው።

ስለዚህ የቲዩሉ ደብተር ለእኔ የቲዩል ደብተር ብቻ አልሆነም። ስንት ሰው፣ ስንት መቀመጫ፣ ስንት ውኃ፣ ማን ይጠየቃል፣ መቼ ይወጣል፣ መቼ ይመለሳል ብሎ መጻፍን በትንሹ ተለማመድኩበት። በዚያው ደብተር ጀርባ «ቤት» ብዬ አንድ ገጽ ከፍቻለሁ። የትኛው ከተማ፣ ስንት ክፍል፣ በወር ስንት ማስቀመጥ እንደምንችል፣ የሚስራድ ሃክሊታ አማካሪያችንን የምጠይቃቸውን ጥያቄዎች ጽፌበታለሁ። ከላይ ቀንም አስቀምጫለሁ። ላይደርስ ይችላል። ግን ተጽፏል። በማግስቱም ሄጄ መጋረጃ ገዛሁ።

የቀረው ጥቂት ነው። አክስቴ ጀበናቸውን፣ ስኒያቸውንና ነጠላቸውን ለብቻ በካርቶን አዘጋጅተዋል። ቁልፉን የሚያንጠለጥሉበት ቀይ ክርም ከአሁኑ አንገታቸው ላይ አስረዋል። ልጃቸው «ኢማ፣ መኪናውን የምነዳው እኮ እኔ ነኝ» ቢላቸው «ስትነዳ እሰጥሃለሁ፤ ስትቆም ትመልሳለህ» አሉት።

ስንመለስ የወይን ቅጠል ጌሾ ይምሰል ሐረግ በሚቀጥለው እትም እነግራችኋለሁ። እስከዚያው ሰላም ሰንብቱ፤ ለሁላችንም የምንወጣበትን ቀን ያቅርብልን። አሜን።